እግሬ ወደ ድሮው ሰፈር ወሰደኝ

(የመግቢያ ሙዚቃ። ከ10 ሰከንድ በኋላ ቀስ ብሎ ይወርዳል።)

  

የዛሬውን ጨዋታ በአንድ ምሽት ልጀምረው።

(ሙዚቃው ይጠፋል።)

ያደግሁት ልደታ ክፍለ ከተማ፣ ጠመንጃ ያዥ ነው። ቤታችን የቀበሌ ቤት ነበር፤ ሁለት ክፍል፣ ግድግዳው ጭቃ፣ የግቢው በር ቆርቆሮ። ከብዙ ዓመት ጥበቃ በኋላ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣልንና ጓዛችንን ጭነን ጀሞ ገባን።

ከገባን አንድ ሳምንት ቢሆነን ነው። ከሥራ ወጥቼ ሜክሲኮ ደረስኩ። ደክሞኛል፤ ሐሳቤም ሌላ ቦታ ነው። የታክሲ ረዳቶቹ «ጀሞ! ጀሞ! ጀሞ!» እያሉ ይጣራሉ። ጆሮዬ ሰምቷል። እግሬ ግን አልቆመም። ሰልፉን አልፎ፣ አስፋልቱን ተሻግሮ፣ የለመደውን መንገድ ያዘ። የነቃሁት የድሮው ቤታችን በር ላይ ነው። እጄ በሩን ሊገፋ ተዘርግቷል። ገመዱ ላይ የማላውቀው የሕፃን ልብስ ተሰጥቷል። ከውስጥ የማላውቀው ድምፅ «ማነው?» አለ።

እናንተስ? እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟችሁ ያውቃል? ቤት ቀይራችሁ መብራት ልታበሩ እጃችሁን ወደ ድሮው ማብሪያ ሰዳችሁ ባዶ ግድግዳ ዳብሳችኋል? በሞት ለተለያችሁ ሰው ልትደውሉ ስልክ አንስታችሁ መልሳችሁ አስቀምጣችኋል?

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ልማድ ነው። በተለይ ደግሞ የዕለት ኑሯችን መስመር ሲቋረጥ፣ ሰፈር ሲቀየር፣ ሥራ ሲለወጥ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ልማዳችን ምን ይሆናል? የትኛው ይቀራል? የትኛው ይከተለናል? አዲሱስ እንዴት ይተከላል?

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ።)

አባቶቻችን «የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ» ይላሉ። ልብ በሉ፣ ከማዕድ ነው ያሉት። ምግቡ ቀርቦለታል፤ ብላ ተብሏል፤ የከለከለው የለም። እጁ ግን ይሰርቃል። ፍላጎት አላዘዘው፣ ችግር አላስገደደው። ልማድ ማለት ይህ ነው፤ እኛን ሳያማክር የሚሠራ እጅ፣ እኛን ሳይጠይቅ የሚሄድ እግር።

እስቲ ከቡና ጋር የምትበሉትን ፈንዲሻ አስቡ። አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ሲኒማ ቤት ለገቡ ሰዎች ፈንዲሻ ሰጡ። ለግማሾቹ ትኩስ፣ ለግማሾቹ ሳምንት የሞላው፣ የደረቀና ጣዕሙ የጠፋ። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ምን የሆነ ይመስላችኋል?

ሲኒማ ሲያዩ ፈንዲሻ መብላት የለመዱት ሰዎች የደረቀውንም እንደ ትኩሱ በሉት። አልጣማቸውም፤ ግን በሉት። እነዚህኑ መሰል ሰዎች ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ አስቀምጠው ቪዲዮ ሲያሳዩዋቸው ግን የደረቀውን ተዉት። የሰዎቹ ልማድ ያው ነው። የተለወጠው ክፍሉ ነው። ይበልጥ የሚገርመው ደግሞ እዚያው ሲኒማ ቤት ውስጥ፣ በለመዱት እጅ ሳይሆን በሌላኛው እጃቸው እንዲበሉ ሲደረግ፣ የደረቀውን መብላት ቀነሱ። እጅ ሲቀየር ሰውየው ነቃ ማለት ነው።

እንግዲህ የዛሬው የመጀመሪያ ነጥባችን ይህ ነው፤ ቆይቼም እደግመዋለሁ። ልማድ የሚኖረው በእኛ ውስጥ ብቻ አይደለም። በቦታው ውስጥ፣ በሰዓቱ ውስጥ፣ በአጠገባችን ባለው ሰው ውስጥ ይኖራል። ልማዱን የሚያስነሳ ነገር አለ። ለዛሬ «ቀስቃሽ» እንበለው። የጀበና ጢስ ቀስቃሽ ነው። የጎረቤት ጥሪ ቀስቃሽ ነው። የሱቁ ደጃፍ፣ ትራስ ሥር ያለው ስልክ፣ ከምሳ በኋላ የሚመጣው ማኪያቶ፣ ሁሉም ቀስቃሽ ናቸው።

ቀስቃሹ ሲጠፋስ?

(ድምፅ፦ ቡና ሲቆላ፣ ከርቀት የሕፃናት ጨዋታ። 8 ሰከንድ።)

ጠመንጃ ያዥን ለማታውቁት ትንሽ ልበል። የአዲስ አበባ የድሮ ሰፈሮች ብዙዎቹ ስማቸውን ያገኙት እዚያ ከሰፈረው ሰው ወይም ከሥራው ነው። ሠራተኛ ሰፈር አለ፣ ዘበኛ ሰፈር አለ። ጠመንጃ ያዥም ትርጉሙ ላዩ ላይ ነው። ዛሬ እዚያ የሚኖረው ነጋዴው፣ ልብስ ሰፊው፣ መምህሩ፣ ተማሪው ነው። ስሙ ግን አለ። ጠመንጃ የያዘ ሰው ሳናይ አድገን «የት ነው ሰፈርህ?» ስንባል «ጠመንጃ ያዥ» እንላለን። ስምም ከአፍ የማይወርድ ልማድ ነው።

እዚያ ሰፈር ቤትና ቤት ግድግዳ ይጋራል። እናቴ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ቡና ትቆላለች። ሰዓት አይታ አይደለም። በአጥሩ በኩል የጎረቤታችን የሙቀጫ ድምፅ ሲሰማ ተራው የማን እንደሆነ ታውቃለች። ትላንት እነሱ ቤት ከሆነ ዛሬ እኛ ቤት ነው። ጢሱ ይወጣል፤ ያየው ይመጣል፤ ላላየው ደግሞ አንድ ልጅ ይላካል፣ «ቡና ጠጡ ብላለች እማዬ»።

እናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። መቼ? አቦል ከመቀዳቱ በፊት። ስኒው ሲደረደር ከቁም ሳጥኑ ላይ መድኃኒቷን ታነሳለች፣ በውኃ ትውጣለች፣ ከዚያ ጀበናውን ታነሳለች። ብዙ ዓመት እንዲህ ነበር። ማንም አስታውሷት አያውቅም፤ እሷም ረስታ አታውቅም።

ጀሞ ገባን። 3ኛ ፎቅ። በሩ ይዘጋል፤ ኮሪደሩ ጸጥ ያለ ነው። የከሰል ጢስ ወደ ላይኛው ፎቅ እንዳይገባ እናቴ ትሳቀቃለች። የሙቀጫ ድምፅ የለም። ተራው የማን ነው? ተራ የለም። በመጀመሪያው ሳምንት ብቻዋን አፈላች። ለአንድ ሰው ጀበና መጣድ ከበዳት መሰለኝ፣ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ እሑድ እሑድ ብቻ ሆነ። ከዚያ ቀረ።

ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ጤና ጣቢያ ስንሄድ ግፊቷ በጣም ከፍ ብሎ ተገኘ። ነርሷ «መድኃኒቱን አቋርጠዋል እንዴ፣ እናቴ?» አለቻት። እናቴ «ኧረ እኔ አላቋረጥኩም» አለች። አልዋሸችም። ቤት ገብተን ስናይ የመድኃኒቱ ብልቃጥ ከጓዙ ጋር መጥቶ፣ ዕቃ መደርደሪያው ላይ ከስኒዎቹ ኋላ ቆሟል። ስኒዎቹ ካልወረዱ እሱም አይወርድም። ቡናው ሲቀር መድኃኒቱን ይዞት ቀረ።

አድማጮቼ፣ ይህን ነገር ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ያን ቀን ጓዝ ስንጭን ምን ረሳን? አልጋውን አልረሳንም። የውኃ በርሜሉን አልረሳንም። አሮጌውን ምጣድ ሳይቀር በጋዜጣ ጠቅልለን ይዘናል። ይዘነው ያልመጣነው የጎረቤታችንን የሙቀጫ ድምፅ ነበር።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ።)

አሁን ደግሞ በሌላ በኩል እንየው። ታላቅ ወንድሜ ሲጋራ ያጨስ ነበር። ቤት ውስጥ አያጨስም፤ እናቴን ያከብራል። የሚያጨሰው ማታ፣ ከጓደኞቹ ጋር፣ ከሱቁ ጎን ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነው። ጀሞ ከገባን በኋላ ድንጋዩ የለም፤ ሱቁ የለም፤ ጓደኞቹ የሉም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተነጫነጨ፤ እንቅልፍ አጣ። ከዚያ ቀስ በቀስ ቀነሰ፤ ብዙም ሳይቆይ ተወው። «አልተሰበክሁም፣ አልተሳልኩም፣ ተረሳኝ» ይላል።

ከአራት ወር በኋላ ጠመንጃ ያዥ ለቅሶ ነበርና ሄድን። ድንኳኑ የተተከለው ከሱቁ ፊት ለፊት ነው። ማታ ላይ ወንድሜን ስፈልገው ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። በእጁ ሲጋራ ይዟል።

ምን ሆነ? አራት ወር ሙሉ የተወ ሰው? ድንጋዩ ቀሰቀሰው። ልማዱ አልሞተም ነበር፤ እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር።

ይህ የወንድሜ ብቻ ታሪክ አይደለም። በቬትናም ጦርነት ጊዜ ብዙ የአሜሪካ ወታደሮች የሄሮይን ሱሰኛ ሆነው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሁሉም ሰው ፈራ። ሊ ሮቢንስ የተባሉ ተመራማሪ ተመላሾቹን ተከታተሉ። እዚያ ሱስ ይዟቸው ከነበሩት መካከል በተመለሱ በመጀመሪያው ዓመት እንደገና ሱስ የያዛቸው ከመቶ አምስት ያህሉ ብቻ ሆነው ተገኙ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ አንዱ ግን ግልጽ ነው። ጫካውና ጦርነቱ፣ አብረው የሚወስዱት ጓዶች፣ እጅ በእጅ የሚሸጠው ሰው፣ ሁሉም ውቅያኖስ ማዶ ቀርተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሲጋራም፣ መጠጥም፣ ጫትም ከልማድ አልፈው ሰውነትን ሊይዙ ይችላሉ። በተለይ ብዙ የሚጠጣ ሰው በአንድ ቀን ድንገት ቢያቆም ሕመሙ ለሕይወት ሊያሰጋው ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው በቤታችሁ ካለ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ሰፈር መቀየር ሐኪምን አይተካም። ከሕክምና ወጥቶ ወደዚያው ድንጋይ የሚመለስ ሰው ግን ሕክምናው ምን ያህል እንደሚከብደው አስቡ።

እንግዲህ ነጥቡን ልድገመው። የኑሮ መስመር ሲቋረጥ ደጉም ክፉውም ልማድ አብሮ ይላላል። አይመርጥም። የእናቴ መድኃኒትና የወንድሜ ሲጋራ በአንድ ጭነት መኪና፣ በአንድ ቀን ተላቀቁ።

(አጭር መሸጋገሪያ።)

የላላው ነገር ደግሞ ላልቶ አይቀርም። ቶሎ ይጠብቃል። አዲሱ ቤትም የራሱን ልማድ ይተክላል።

ምን ያህል ጊዜ አለን? እንግሊዝ ውስጥ ፒተርቦሮ በምትባል ከተማ 800 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ተደርጎ ነበር። ግማሾቹ በቅርቡ ቤት የቀየሩ፣ ግማሾቹ በነበሩበት የሚኖሩ ናቸው። ከሁለቱም ወገን ለተመረጡት ውኃና መብራት ስለ መቆጠብ፣ ስለ ጉዞና ስለ ቆሻሻ አያያዝ ምክር ተሰጠ። ምክሩ የበለጠ የያዘው ቤት በቀየሩት ላይ ነው። እነሱም ላይ ቢሆን ቤት ከቀየሩ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ በሩ ይዘጋል፤ ሰውዬው አዲሱን ቤት ለምዶታልና።

ሦስት ወር። ቤት የቀየራችሁ፣ ልትቀይሩ የተነሣችሁ፣ ይህችን ያዙልኝ።

አዲስ አበባ ደግሞ መስመሯ በየጊዜው የሚቋረጥባት ከተማ ናት። መስከረም 2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡሩ ሥራ ሲጀምር በልደታና በሜክሲኮ በኩል የሚያልፈው ሰው መንገዱን እንደ አዲስ ተማረ። ልደታ አካባቢ በመልሶ ማልማት ሰፈሮች ፈርሰው ኮንዶሚኒየምና ሕንፃ ተሠርቷል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ የስንት ሰው ሰፈር ተነሣ። ፒያሳ ተወልዶ ፒያሳ ያረጀ ሰው ዛሬ ከከተማዋ ዳር ሆኖ ይህን ዝግጅት ያዳምጥ ይሆናል።

ለእናንተ፣ ሳታስቡት ለተነሣችሁ፣ «ለውጥ ዕድል ነው» ብዬ ልነግራችሁ አልደፍርም። ጦርነት ያፈናቀለውን ሰውም እንዲህ አልለውም። ሰፈሩን ያጣ ሰው መጀመሪያ ያዝናል፤ ሊያዝንም ይገባዋል። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው አዲስ ልማድ መትከል ሳይሆን የነበረውን መልካም ነገር ማትረፍ ነው። በተለይ ለሽማግሌዎችና ለሕፃናት። ለአባታችሁ ያንኑ ወንበር፣ ያንኑ ሬዲዮ፣ በዚያው ሰዓት አቆዩላቸው። ሕፃኑ የሚተኛው ተረት ከሰማ በኋላ ከሆነ፣ ቤቱ ገና ባይደረደርም ተረቱ ይነገረው።

(ድምፅ፦ ውኃ ከቧንቧ ሲወርድ። 5 ሰከንድ።)

ይህ ድምፅ ምን ያስታውሳችኋል?

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። ከቀናት በኋላ ትምህርት ቤት ተዘጋ። በወሩ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የሁላችንም የኑሮ መስመር በአንድ ጊዜ ተቋረጠ። ያን ጊዜ በየበሩ ምን ነበር? ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን፣ ከሥሩ ባልዲ፣ ከጎኑ በገመድ የተንጠለጠለ ሳሙና። ባንክ ስትገቡ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ፣ መስጊድ ስትሄዱ፣ ሱቅ ስትደርሱ ትታጠቡ ነበር።

አሁንስ? ዛሬ ከውጭ ስትገቡ እጃችሁን ታጥባችኋል?

የእኛን ብሎክ ልንገራችሁ። ጀሪካኑ ደረጃው ሥር ነበር። ከወራት በኋላ ቧንቧው አፈሰሰ፤ ሳሙናውን የሚተካ ጠፋ፤ አንድ ቀን ጀሪካኑም ተነሣ። ሰው ስለ እጅ መታጠብ የነበረው እውቀት አልቀነሰም። ያኔም ያውቅ ነበር፣ ዛሬም ያውቃል። የተነሣው ጀሪካኑ ነው። አንድ ቤት ብቻ ግን፣ የአንደኛ ፎቅ ጎረቤታችን፣ ጀሪካኗን ከበሯ ጎን እስከ ዛሬ አላነሳችም። ልጆቿ ከትምህርት ቤት ሲመጡ ቦርሳቸውን ሳያወርዱ ይታጠባሉ። ትንሹ ልጅ ያን ዘመን አያውቀውም፤ ሲወለድ ጀሪካኑን እዚያው አገኘው። ለእሱ ቤት መግባት ማለት እጅ መታጠብ ነው።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ።)

ወደ ሥራችን እንምጣ። ምን እናድርግ?

እናቴ ጋ እንመለስ። መድኃኒቱን እንዴት መልሰን እንትከለው? «እማዬ፣ አትርሺ» ብንላት? ብለናታል። ሁለት ቀን ሠራ። ከዚያ እኛም ረሳን። የስልክ ደወል ሞላንላት፤ ስልኩ መኝታ ቤት ይጮሃል፣ እሷ ወጥ ቤት ናት።

መፍትሔው የመጣው ከራሷ ነው። ጠዋት ስትነሳ የምታደርገው፣ ጠመንጃ ያዥም ጀሞም ያልተለወጠው ነገር ምንድን ነው? ጸሎት። የጸሎት መጽሐፏን ሳታነሳ የዋለችበት ቀን የለም። መድኃኒቱን ከስኒዎቹ ኋላ አነሳችና ከመጽሐፉ አጠገብ፣ ከአንድ ብርጭቆ ውኃ ጋር አስቀመጠችው። መጽሐፉን ስትዘጋ ብርጭቆውን ታነሳለች። ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ትልቁን ነጥብ ልናገር። ቀስቃሽ ሁለት ዓይነት ነው። ጓዝ ውስጥ የሚገባ አለ፣ ጓዝ ውስጥ የማይገባ አለ። የጎረቤት ሙቀጫ ጓዝ ውስጥ አይገባም። የሱቁ ደጃፍ አይገባም። ከእንቅልፍ መነሳት ግን የትም ይከተለናል። ጸሎት ይከተለናል። ሶላት የሚሰግድ ሰው አምስቱን ወቅት የትም አገር ይዞ ይሄዳል። ጫማ ማውለቅ፣ ፊት መታጠብ፣ ራት መብላት የትም አሉ። ልታጡት የማትፈልጉትን ልማድ አብሯችሁ በሚጓዝ ቀስቃሽ ላይ እሰሩት። ልትላቀቁት የምትፈልጉትን ደግሞ ከቀስቃሹ አርቁት፤ ድንጋዩ ባለበት መንገድ አትለፉ።

ስታስሩትም በቃል እሰሩት። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር ለብዙ ዓመት ያጠኑት ይህንን ነው። «ጤናዬን እጠብቃለሁ» ማለት አይበቃም። «ይህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ» ማለት ነው የሚይዘው። «ከታክሲ ስወርድ አንድ ፌርማታ በእግሬ እሄዳለሁ።» «ጫማዬን ሳወልቅ ስልኬን መሳቢያ ውስጥ አስገባለሁ።» «ልጄ ደብተሩን ሲያወጣ ቴሌቪዥኑን አጠፋለሁ።» ጮክ ብላችሁ በሉት። የቤት ሰው ይስማው።

አዲስ ልማድ እስኪይዝስ ስንት ቀን ይፈጃል? ብዙ ሰው 21 ቀን ይላል። ለንደን ውስጥ 96 ሰዎችን በተከታተለ ጥናት ግን መካከለኛው 66 ቀን ሆኖ ተገኘ። ከምሳ ጋር ፍራፍሬ መብላት፣ ውኃ መጠጣትና እንቅስቃሴ ማድረግን የመሳሰሉ ነገሮች ናቸው የተጠኑት። አንዳንዱ በ18 ቀን ለመደ፤ አንዳንዱ ከ8 ወር በላይ እንደሚያስፈልገው ተገመተ። ደስ የሚለው ሌላው ነው። አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላፈረሰውም። ትላንት ካመለጣችሁ ዛሬ ቀጥሉ። እንደ ተሸነፈ ሰው አትቀመጡ።

ስለ 66 ቀን ሳስብ ዐቢይ ጾም ትዝ ይለኛል። 55 ቀን ነው። ሁለት ወር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጊዜ፣ ስንቱ ሰው መጠጥ የማይቀምስበት፣ ሥጋ ቤት የማይገባበት፣ ማልዶ የሚነሳበት። ታዲያ ለምን በፋሲካ ማግስት አብዛኛው ነገር ወደ ነበረበት ይመለሳል? እኔ እንደሚመስለኝ ጾም የሚጠበቀው አብረን ስለምንጾም ነው። ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፤ ቤቱ በሙሉ ሽሮና ምስር ነው፤ ሰፈሩ ያግዛል። ሲፈታም አብረን እንፈታለን፤ ቀስቃሾቹ ሁሉ በአንድ ሌሊት ይመለሳሉ። ጾሙ የተሰጠው ለነፍስ ነው፤ የልማድ ማስተማሪያ ብቻ አድርጌ አላየውም። ግን መጠጥ ለመተው የሚታገል ሰው ካለ፣ በዚያ 55 ቀን ግማሹን መንገድ ሄዷልና የፋሲካን ሌሊት የት፣ ከማን ጋር እንደሚያሳልፍ አስቀድሞ ይወስን። የረመዳንን ወር በትጋት ለሚያሳልፉ ወንድሞቻችንና እህቶቻችንም ይኸው ይሠራል፤ በወሩ ውስጥ ከያዙት በጎ ነገር አንዷን መርጠው ከዒድ በኋላ በአንድ የሶላት ወቅት ላይ ይሰሯት።

(ድምፅ፦ ጀበና ሲቀዳ፣ የስኒ ኳኳታ።)

የእናቴን ቡና ሳልጨርስ አልሰናበትም።

መድኃኒቱ ተስተካከለ። ቡናው ግን እንደቀረ ነበር። እሷም ዝም ብላለች። አንድ እሑድ ግን ጀበናዋን ከካርቶን አወጣች። ጢስ እንዳይበዛ ከሰሉን ደጅ፣ ከጋራ መገልገያው ሕንፃ አጠገብ አያያዘችው። ቆላች። ወቀጠች። በኮንዶሚኒየም ሽታው በር አልፎ አይሄድም፤ ስለዚህ የታችኛውን ፎቅ ልጅ ጠርታ ፈንዲሻ በእጁ ሰጠችውና በየበሩ ላከችው። «ቡና ጠጡ በል» አለችው። ልጁ እንዲህ ተልኮ አያውቅም። «ማን አለች ልበል?» አላት። «የ3ኛ ፎቋ በል» አለችው።

የመጀመሪያው እሑድ ማንም አልመጣም። ሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው አንዲት አራስ ልጇን ታቅፋ መጣች፤ ከእሷ ኋላ አንድ ከመርካቶ የተነሡ አሮጊት፣ የራሳቸውን ስኒ በነጠላቸው ጠቅልለው። «እኔ በሰው ስኒ አይጣፍጠኝም» አሉ። እናቴ ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተራ ገባ። እድራችንን እስከ ዛሬ የምንከፍለው ጠመንጃ ያዥ ነው፤ ቡናው ግን ጀሞ ነው።

(ሙዚቃ ከሥር ቀስ ብሎ ይገባል።)

ለሚቀጥለው ሳምንት አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ብዕርና ወረቀት አያስፈልግም። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ፣ በሩን ከፍታችሁ እስክትቀመጡ ድረስ እጃችሁ ምን እንደሚያደርግ ተከታተሉት። መጀመሪያ ምን ይነካል? ማብሪያውን? ስልኩን? ሪሞቱን? ልጁን? ማንም ያላዘዘውን ያንን የመጀመሪያ ነገር ያዙና ሳምንት እንገናኝ።

እኔም ጀሞ ገብቼ ይህን ያህል ዓመት ኖሬ፣ ማብሪያው በግራ መሆኑን እያወቅሁ፣ መብራት የጠፋ ዕለት ቀኜን የምዳብስበት ጊዜ አለ።

ሰላም አምሹ፣ አድማጮቻችን።

(ሙዚቃው ከፍ ይላል፤ ዝግጅቱ ያበቃል።)